ዱማ ዱማ

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ወጣት ነበር። ሶዶ፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አርባ የምንሆን ሰዎች ተቀምጠናል፤ የሃይማኖት አባቶች፣ የቀበሌ ሴቶች፣ መምህራን፣ እንደ እኔ ያለው ጡረተኛም «የአገር ሽማግሌ» ተብሎ። ልጁ ነጩ ሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ዳይቨርሲቲ» ብሎ ጻፈና ወደ እኛ ዞሮ፣ «ይኼን ቃል በወላይትኛ ምን ትሉታላችሁ?» አለን።

ዝም አልን። ቃሉ ጠፍቶን አይደለም። ሥልጠና ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ሁልጊዜ ከባድ መልስ የሚፈልግ ይመስለናል። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጡ፣ ከዱቦ የመጡ አንዲት ቅቤ ነጋዴ እናት፣ «ዱማ ዱማ ነዋ! ሌላ ምን ይባላል?» አሉ። ልጁ ደስ ብሎት ከ«ዳይቨርሲቲ» ሥር «ዱባ ዱባ» ብሎ ጻፈ። ሳቁ ጣሪያ ነካ። እሱም ምን እንዳሳቀን ሳይገባው አብሮን ሳቀ፤ ሲነገረው ደግሞ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ያን ቀን የወደድኩት ለዚህ ነው።

እኔ ግን ከሻይ ዕረፍት በኋላ ሥልጠናውን አልሰማሁም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ወላይትኛ በሚነገርበት ቤት አድጎ፣ በአማርኛ እንጀራውን የበላ ሰው ሁለቱን ቋንቋዎች ማስተያየት ልማዱ ነው። «ዱማ» ማለት ልዩ፣ ሌላ፣ የተለየ ማለት ነው። «ማ»ን ጠበቅ አድርጉና አንብቡልኝ፤ ፊደላችን ማጥበቅን አያሳይም። ሁለት ጊዜ ሲሉት «ልዩ ልዩ» ይሆናል። አማርኛ ሴማዊ ነው፣ ወላይትኛ ኦሞአዊ ነው፤ ዝምድናቸው እሩቅ ነው። ሆኖም ነገሩ ብዙ ዓይነት መሆኑን መናገር ሲፈልጉ ሁለቱም አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ ቃሉን ይደግሙታል። ልዩ ልዩ። ዱማ ዱማ። ዓይነት በዓይነቱ። የየራሱ። ለአንዱም አንድ ቃል፣ ለሌላውም አንድ ቃል ያደርሳሉ፤ ሳይቆጠርለት የሚቀር የለም።

ከሁሉ የምወደው «በያይነቱ» ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ምግብ ቤት ገብታችሁ ስታዙ የሚመጣላችሁን አስቡት። ምስሩ በአንድ ወገን፣ ጎመኑ በሌላ ወገን፣ ክኩ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሽሮው መሐል ላይ። አስተናጋጁ ከወጥ ቤት ሲወጣ ሁሉንም በማንኪያ አማስሎ ቢያመጣላችሁ ትመልሱታላችሁ። ምግቡ ያው ነው፤ ቅመሙም አልተለወጠም፤ ግን በያይነቱ አይደለም። መቀላቀሉ የበላተኛው ሥራ ነው፤ እሱም በጉርሻ በጉርሻ።

ቢሮ ገብታችሁ ስትወጡ ግን የምትሰሙት «ብዝኃነት» ነው። በልጅነቴ ይህን ቃል ሰምቼው አላውቅም። ከግእዙ «በዝኀ» ነው የተወለደው፤ በዛ፣ ብዙ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ብዝኃነት» በአጥንቱ ብዛት እንጂ መለያየት የለበትም። አንድ ጎተራ በቆሎ ብዙ ነው፤ ልዩ ልዩ ግን አይደለም። ቃሉን ያወጡት ሰዎች ለምን «ልዩነት»ን ትተው ወደዚህ እንደሄዱ ይገባኛል። «ልዩነት» አማርኛ ውስጥ የጠብ ሽታ አለበት። ባልና ሚስት መካከል «ልዩነት ተፈጠረ» ከተባለ ሽማግሌ ይጠራል። እንግሊዝኛውም ቢሆን ንጹሕ ቃል አልነበረም። ሥሩ ላቲን ነው፤ ወዲያና ወዲህ መዞርን ያመለክታል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ተቃራኒነትን፣ ጠማማነትን ጭምር ይገልጹበት ነበር። ዛሬ በየሥልጠናው የምንሰማውን ትርጉም ያገነነው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በባኪ ጉዳይ ዳኛ ፖወል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲመርጥ የሰውን ልዩ ልዩነት ከግምት ማስገባት ይችላል ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ቃሉ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ኩባንያ፣ ከኩባንያ ወደ እርዳታ ድርጅት፣ ከእርዳታ ድርጅት ወደ ሶዶ አዳራሽ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 ያው ፍርድ ቤት በሐርቫርድ ጉዳይ በሩን መልሶ ዘጋው። እኛ ጋ ግን ነጩ ሰሌዳ ላይ እንዳለ ነው።

«ብሔር»ም እንዲሁ ተጉዟል። ግእዙ አገር፣ ምድር ማለት ነው፤ እግዚአብሔር የሚለው ስም ውስጥ ያለው እሱ ነው። አዲስ አበባ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ የሄደ ሰው የአበባ አገር ገብቶ ወጥቷል። ሰውን ከሰው የሚለይ ቃል የሆነው በእኔ ዕድሜ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 የብሔረሰቦችን ጥያቄ ሲጽፍ እኔ ዱቦ የአሥራ ሁለት ዓመት እረኛ ነበርኩ። ያኔ መንግሥት እኛን የሚጠራን «ወላሞ» ብሎ ነበር። እኛ ራሳችንን «ወላይታ» እንል ነበር።

ዱቦ ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ከአረካ ብዙም ሳይርቅ በቦሎሶ ምድር ያለች ናት። የሚያውቋት ሰዎች በካቶሊክ ሚሲዮኗና በቅድስት ማርያም ሆስፒታሏ ያውቋታል። የካፑቺን አባቶች ናቸው ሚሲዮኑን ያቆሙት፤ እኔም ፊደል የቆጠርኩት እዚያው አካባቢ ነው። ሶዶ በኩል ደግሞ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የወንጌላውያኑ ሚሲዮን ኤስ.አይ.ኤም. ነበር። በሰፈራችን ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ አገሬው እምነት የያዘውም ነበረ፤ አንዳንዱ ቤት ውስጥ ሁሉም ነበረ። ገበያ ስንሄድ ከሰሜን ከምባታና ሐዲያ ይመጣሉ፤ ከኦሞ ማዶ ዳውሮ ይሻገራል። ከምባትኛም ከወላይትኛ ጋር ዝምድናው የራቀ ነው፤ ኩሻዊ ነው። ቅቤ ግን ይሸጥ ነበር፤ በጣት ቁጥር፣ በአማርኛ ቁርጥራጭ፣ አንዳንዴም በቁጣ።

ወላይታ ራሱም አንድ ወጥ አይደለም። ከ200 በላይ ጎሳዎች ያሉበት፣ እነሱም በሁለት ትልልቅ ወገኖች፣ በማላና በዶጋላ የሚመደቡበት ሕዝብ ነው። በ1887 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ጦር የተሸነፉት የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና «ትግሬ» ከሚባለው የንጉሥ ጎሳ ናቸው፤ ትውፊቱም አባቶቻቸውን ከትግራይ የመጡ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የወላይታ ንጉሥ ጎሳ ስሙ ትግሬ ነው። ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ስነግረው የምቀልድ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ግን አገሬን ብቻ አላሞግስም። እናቴ ገንቦ የምትገዛው ከአንዲት የጪናሻ ሴት ነበር። ጪናሻ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ ቆዳ ፋቂው ደገላ ይባላል፤ አንጥረኛው ዎጋቼ ይባላል። ሴትየዋ ማለዳ ገንቦ ተሸክማ ትመጣለች፤ ከደጃፍ አልፋ አትገባም። ውኃ ስትጠይቅ እናቴ በዕቃ አትሰጣትም፤ ሁለት እጇን ትዘረጋለች፣ ከላይ ይንቆረቆርላታል፣ በመዳፏ ትጠጣለች። የምትጠጣው ውኃ የተቀዳው ራሷ በሠራችው እንስራ ነው። ያኔ ይህ አልገረመኝም። እናቴ ደግ ሴት ነበረች፤ ለምኗት ያጣ ሰው የለም። «እነሱ ዱማ ናቸው» ነበር የምትለን። አንድ ጊዜ ብቻ የተባለ «ዱማ»። አዳራሹ ውስጥ ያቺ እናት «ዱማ ዱማ» ሲሉ እኔን ከሥልጠናው ነጥሎ ያስቀረኝ ይህ ትዝታ ነው። ለሁሉም ሲባል ልዩ ልዩ ነው፤ ለአንዱ ብቻ ሲባል ከበር መልስ ነው።

እናቴ ለእንሰት ያላትን ክብር ለሰው ብትሰጥ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ጓሮዋ ውስጥ የነበሩትን በስም እያወጣች ትጠራቸው ነበር፤ ማዚያ፣ ሃላ፣ ቱዙማ፣ ገፈታኑዋ፣ ጎዳሪያ፣ አንኮገና፣ ሱይቲያ። የማያውቅ ሰው ሲገባ የሚያየው አንድ ጫካ ነው፤ ሙዝ መስሎት ፍሬ የሚፈልግም አለ። እሷ የቅጠሉን የመሐል ጅማት ቀለም፣ የግንዱን ነጠብጣብ፣ ቅጠሉ ወደ ሰማይ መቆሙን ወይም ወደ ጎን መዘርጋቱን አይታ ትለያለች። አንዱ ወንድ ነው፣ አንዷ ሴት ናት። ማዚያ ወንድ ነው፤ ይዘገያል፣ ይጠነክራል፣ በሽታ አይደፍረውም። ለአሚቾ፣ ማለትም ሥሩን ለመብላት፣ የምትቀቅለው ሌላ ነው፤ ቶሎ ይበስላል፣ ይጣፍጣል፣ ግን ለበሽታ ስስ ነው። አንድ ቀን፣ «ማዚያ እንደዚህ ጠንካራ ከሆነ ለምን ሁሉንም ማዚያ አትተክይም?» አልኳት። እጇ ላይ የነበረውን የቀርከሃ መፋቂያ አስቀምጣ አየችኝና፣ «ታዲያ ዛሬ ማታ ምን ልትበላ ነው?» አለችኝ።

ስታበዛቸው ደግሞ እንዲህ ነበር። እንሰት ከዘር አያበዙትም። ጥቂት ዓመት የሞላውን ተክል ከሥሩ አጠገብ ትቆርጠዋለች፤ የመሐል ቡቃያውን ትፈለፍልና ታወጣዋለች፤ ጉቶውን አፈርና የከብት ፍግ ታለብሰዋለች። ከወራት በኋላ ዙሪያውን አርባም፣ ስድሳም፣ መቶም ችግኝ ሆኖ ይወጣል። ሁሉም የዚያው የአንዱ ተክል ነው፤ ቅንጣት አይለይም። አንድ ማዚያ በሁለት ዓመት መቶ ማዚያ ይሆናል። ያ ብዝኃነት ነው፤ ቃል በቃል። ልዩ ልዩ እንዲሆን ግን እናቴ ለሱይቲያው ወደ አክስቴ ቤት፣ ለአንኮገናው ወደ ከምባታ ጠረፍ ወደተዳረችው እህቷ ቤት መሄድ ነበረባት። ጓሮው ልዩ ልዩ የሆነው በእግሯ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዋዱ መጣ፤ የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በዓለም ባንክ ብድር። ማዳበሪያ፣ ምርጥ የበቆሎ ዘር፣ ቆላው ላይ ጥጥ። ብዙ ሰው ተጠቀመ፤ አባቴም ተጠቅሟል፤ አልክድም። መሬት ግን አልሰፋም፤ ሰው በዛ፣ ማሳው ጠበበ፣ ዓመት ጠብቆ የሚደርሰው እንሰት ለቶሎ ደራሹ ስኳር ድንችና በቆሎ ቦታ ለቀቀ። በ1977 ረሀብ ጊዜ ወላይታ አረንጓዴ ሆኖ ነበር የተራበው። ተመራማሪው ደሳለኝ ራሕማቶ ከዚያ በኋላ ቦሎሶን እያጠኑ የገጠሩን ድህነት ጽፈዋል፤ እንሰት ስላለው ጽናትም ስላለበት ድካምም የጻፉት በእኛ መንደር ሰው የሚያውቀውን ነው።

ወደ ቋንቋው ልመለስ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ወላይትኛ ለትምህርቱ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። በኩራዝ ብርሃን ሽማግሎችን በግእዝ ፊደል ወላይትኛ አስነብቤያለሁ። አንድ የሰባ ዓመት አባት ስማቸውን ጽፈው ሲጨርሱ እስክሪብቶውን አልመልስም አሉኝ፤ ይዘውት ሄዱ። ዘመቻው በመላ አገሪቱ ላመጣው ውጤት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 የማንበብና መጻፍ ሽልማት ሰጥቶታል። ደርግን በብዙ ነገር አላመሰግነውም፤ በዚህ ግን ዕዳ አለብኝ። ከ1983 በኋላ ፊደሉ ላቲን ሆነና እኔም ከተማሪዎቼ ጋር እንደገና «ሀሁ» ቆጠርኩ። አኩርፌ ነበር። አንድ ነገር ግን አልክድም፤ ላቲኑ «ዱማ»ን ሲጽፍ «ኤም»ን ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ያ ልጅ በላቲን ቢጽፈው ኖሮ ዱባ ባልሆነ።

ከዚያ 1991 መጣ።

ያኔ የምንተዳደረው በሰሜን ኦሞ ዞን ነው፤ ዋና ከተማው አርባ ምንጭ። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ዳውሮ በአንድ ዞን። የአራቱ ቋንቋዎች ዘመዳማቾች ናቸው፤ ሞሬኖ የሚባል ጣሊያናዊ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ «ኦሜቶ» በሚል የወል ስም አጥንቷቸዋል። የጋሞ ሰው ሲናገር እኔ ጆሮዬን አቅንቼ የተወሰነውን እይዛለሁ። እንግዲህ ከዚህ ተነሥተው ነው አንዳንድ ሰዎች «ለአራቱ አራት መጽሐፍ ከምናሳትም ለምን አንድ አናደርጋቸውም?» ያሉት። ከያንዳንዱ ስም አንድ ፊደል ወስደው ቋንቋውን «ወጋጎዳ» አሉት። ወ ከወላይታ፣ ጋ ከጋሞ፣ ጎ ከጎፋ፣ ዳ ከዳውሮ። ቃላቱንም እንደ ስሙ ከዚህም ከዚያም ለቃቅመው አዋቀሩት፤ መጽሐፉም ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታደለ።

መጽሐፉን ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ጥራዙ አዲስ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ወላይትኛ የምታስተምር ባልደረባዬ አንዱን ገጽ ከፍታ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። አንድ መስመር ትሄዳለች፣ ትቆማለች፤ እንደገና ትጀምራለች፣ ትቆማለች። «ይኼንን ታውቀዋለህ?» ትለኛለች። አላውቀውም። ቀጣዩን አውቀዋለሁ፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ አላውቀውም። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። ልጅ የሚያውቀው ቃል ተጣሞ ሲሰማ ይስቃል። በሁለተኛው ቀን አንዱ ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ ይኼን የሚናገረው የማን አገር ሰው ነው?» አላት። «የአራታችሁም ነው» አለችው፤ እንድትል የተነገራት እሱን ነበር። «እኮ፣ ማን ይናገረዋል?» አለ ልጁ። የሚናገረው ሰው አልነበረም። አስተናጋጁ በያይነቱን አማስሎ ያመጣው ያኔ ነው።

የሐሳቡን ባለቤቶች ሁሉ ክፉ ናቸው አልልም። አንዳንዶቹን ከስብሰባ አውቃቸዋለሁ፤ ወንድማማችነት መስሏቸው ነው። የኅትመት ወጪም እውነተኛ ጭንቀት ነበር። ነገር ግን አማርኛና አርጎብኛም ዘመዳማቾች ናቸው፤ ሁለቱን ቀላቅሎ «አማጎ» የሚል መጽሐፍ ለጎንደር ልጅ የሚሰጥ ሰው ተፈልጎ አይገኝም። ዘመድ መሆን ሌላ፣ አንድ ሰው መሆን ሌላ። እናቴና አክስቴ እህትማማቾች ናቸው፤ ሁለቱንም «እማዬ» ብዬ ብጠራ ግን አንዷ ትቆጣለች፤ ምናልባት ሁለቱም።

በኅዳር 1991 ሶዶ ላይ መምህራንና ተማሪዎች ተቃውሞ ወጡ። ጸጥታ ኃይል ተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታሰሩ፤ መምህራን ከቦታቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ተዛወሩ። ለቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። ዛሬ ነገሩን የምነግራቸው ወጣቶች መጀመሪያ ስለ መሬት ወይም ስለ ሥልጣን ይመስላቸዋል፤ እርግጥ እነዚያም ከኋላ ነበሩበት፤ ዞኑ ከአርባ ምንጭ መመራቱ ያስኮረፈው ሰው ብዙ ነው። ሆኖም ሰውን ከቤቱ ያወጣው መጽሐፉ ነው። እኔ ያን ሰሞን ሰልፍ አልወጣሁም። አራት ልጆች ነበሩኝ፤ ፈራሁ። ባልደረባዬ ወጣች። ከወራት በኋላ ስንገናኝ ስለሆነው ነገር አላነሳንም፤ ሻይ ጠጣን፣ ስለ ዝናብ አወራን። መጽሐፉ ተሰበሰበ። በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ ሰሜን ኦሞም ፈረሰ፤ ዳውሮም ጋሞ ጎፋም ዞን ሆኑ። በ2011 ደግሞ ጋሞና ጎፋ ተለያዩ። አሁን ወም፣ ጋም፣ ጎም፣ ዳም የየራሳቸው ዞን አላቸው፤ ዳውሮ እንዲያውም ከ2014 ጀምሮ በሌላ ክልል፣ በደቡብ ምዕራብ ውስጥ ነው። አንድ ቃል መደረጋቸውን ያህል ያለያያቸው ሌላ ነገር ያለ አይመስለኝም።

እኛ የነበርንበት ክልል ስሙ ራሱ ስብሰባ ይመስል ነበር፤ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል። 56 ይባል ነበር ቁጥራችን። ከ1999 ጀምሮ ኅዳር 29፣ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ቀን፣ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ ሲከበር ተማሪዎቼን አሰልፌ ለጭፈራ ልኬያለሁ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዱንጉዛ ይለብሳሉ፤ ያምርባቸዋል። ካሜራው ለያንዳንዱ ብሔረሰብ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ ኢትዮጵያን «የሕዝቦች ሙዚየም» ብሏታል ይባላል፤ ያን ዓይነት በዓል ሳይ ሰውየው ትዝ ይለኛል። ሙዚየም ውስጥ ያለ ዕቃ ስም አለው፣ ቁጥር አለው፣ አይናገርም። ዱንጉዛም የወላይታ ነው የጋሞ ነው እየተባለ የሚያከራክር ልብስ ነው፤ የሸማኔው ጣት ግን ከክርክሩ ቀድሞ ነበር። ጭፈራው ላይ ግን የጪናሻ ሴት ገንቦ ይዛ ስትወጣ አይቼ አላውቅም። ከ56ቱ ውስጥ ወላይታ የሚቆጠረው እንደ አንድ ነበር፤ እሷ እዚያ አንዱ ውስጥ ናት፤ ደጃፍ ላይ።

ክልሉ በ2015 ነሐሴ ፈረሰና እኛ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ገባን፤ ሶዶም የአዲሱ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ረጅሙ ስም ቀረ። የመንግሥት ደብዳቤ አርዕስቱ ስላጠረ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

እናቴ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በሕይወት ሳለች ጓሮዋ ላይ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ገባ። ይህ በሽታ በሳይንስ ስሙ ተለይቶ የታወቀው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፈውበታል። ከዚያ ዞሮ ዞሮ ዩጋንዳ ገብቶ ሙዛቸውን ፈጅቷል። ሲጀምር አንድ ቅጠል ይጠወልጋል፤ ግንዱን ስትቆርጠው ቢጫ ፈሳሽ ያዥጎደጉዳል። የቆረጥክበት ቢላዋ ራሱ ለሚቀጥለው ተክል ያስተላልፋል፤ በእሳት ካልተቃጠለ ወይም በበረኪና ካልታጠበ። እናቴ ይህን አታውቅም ነበር። በአንድ ቢላዋ ሰባቱንም ዓይነት ነካካች። ማዚያው ብቻ ተረፈ፤ ያለችው ደረሰ። ሃላውን ከጎረቤት መልሼ ተከልኩ። ሌሎቹ ሄዱ።

አረካ የእርሻ ምርምር ማዕከል ከመላ አገሪቱ የተሰበሰበ ከ600 በላይ የእንሰት ዓይነት አለው። ከዚያ መርጠው ያንቡሌ፣ ገዋዳ፣ እንዳሌ፣ ከሊሳ፣ ዘሪታ፣ መሰና የሚሏቸውን ስድስት ዝርያዎች ለገበሬ ለቀዋል፤ ጎደሬም ቢሆን «ቦሎሶ 1» የሚባለው ከእነሱ ነው የወጣው። ጥሩ ሥራ ነው። ስብስባቸውን አጥሩ ዳር ቆሜ አይቼው አውቃለሁ፤ በረድፍ፣ በያይነቱ፣ ስም የተጻፈበት ታርጋ ይዘው ቆመዋል። የእናቴ ገፈታኑዋ እዚያ መካከል ይኖር እንደሆነ በዓይኔ መለየት አልቻልኩም። እሷ ብትሆን ከአጥሩ ማዶ ሆና ትጠራው ነበር።

ሥልጠናው ያለቀ ዕለት ያ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የዱቦዋን እናት አብሬዎ ፎቶ ልነሣ ብሎ ጠየቃቸው። ሰሌዳው ላይ ያለውን «ዱባ» ካላስተካከለ አልነሣም አሉት። አስተካከለና ተነሡ። ስንወጣ ጠጋ ብዬ ገፈታኑዋ ጓሯቸው ውስጥ እንዳለ ጠየቅኳቸው። «ነበረ» አሉኝ።

ስለዚህ በቦሎሶ፣ በከምባታ ጠረፍ ወይም በኦሞ ማዶ የምትኖሩ፣ በጓሯችሁ ቱዙማ፣ ገፈታኑዋ፣ ጎዳሪያ፣ አንኮገና ወይም ሱይቲያ ያላችሁ ሰዎች፣ ከያይነቱ አንድ አንድ ችግኝ እገዛለሁ። በገበያ ቀን አረካ አልጠፋም። ስትቆርጡ ቢላዋውን በእሳት አቃጥሉልኝ።